አንገቷን የምትደፋው ቤዝ ጊታር

ባለፈው ሰሞን ፔዳ አካባቢ የእህቴ ልጅ ምርቃት ነበርና ተጠርቼ ሄድሁ። አዳራሹ ጥግ ላይ ከሚጫወቱት ልጆች መካከል አንዲት ቀጭን ልጅ ቤዝ ጊታር አንግታ ቆማለች። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው ሳይጀመር ፀጉሯ ፊቷ ላይ ወረደባትና ሁለቱንም እጆቿን ከጊታሩ ላይ አንሥታ ወደ ኋላ ሰብስባ ማሰር ጀመረች። ጊታሩ ደረቷ ላይ እንደ ተኛ ሕፃን ጸጥ ብሎ ቀረ። እኔ ግን ሳላስበው ከወንበሬ ብድግ ብዬ ግራ እጄን ወደ ፊት ወረወርሁ፣ የሚወድቅ ነገር ልይዝ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ፣ «ምነው፣ ደኅና ነዎት?» አሉኝ።

«ደኅና ነኝ፤ በቅሎዋ የወደቀች መስሎኝ ነው» አልኋቸው።

ሴትዮዋ ወንበራቸውን ትንሽ ፈቀቅ አደረጉ። ግራ ትከሻዬ እስከ ማግሥቱ ሲጠዘጥዘኝ ዋለ። እንግዲህ ይህን ነገር ለአንድ ሰው እንኳ ካልነገርሁ የሚለቀኝ አይመስለኝም።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ፣ ፈትል ክፍል ክር ቀጣይ ነበርሁ። ማሽኑ ክሩን በበጠሰ ቁጥር ሮጦ መቀጠል ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። የጥጡ ብናኝ ቅንድባችንና ፀጉራችን ላይ ይቀመጥና ወጣት ገብተን ሽበታም ሆነን እንወጣለን። ከፈረቃ ስንወጣ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ ይዞ ፊታችን ላይ ሲያርፍ፣ ያን ጊዜ ነው ዳግመኛ የምንወለደው።

እንደ ጊዜው ደንብ ፋብሪካው የራሱ የኪነት ቡድን ነበረው። መሪያችን በወጣትነታቸው ወታደር ቤት ጥሩምባ ሲነፉ የኖሩ፣ ጥሩምባውን ትተው ኦርጋን ከያዙ በኋላም ከንፈራቸው እንደ ሾለ የቀረ ሰው ነበሩ። ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ሰውዬ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወርባቸው ምትክ ፍለጋ ክፍል ለክፍል ዞሩ። ፊት አያዩም፣ ድምፅ አይሰሙም፤ እጅ ብቻ ነው የሚያዩት። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ክር ስቀጥል ቆመው ተመለከቱኝና፣ ማሽኑ ይጮኽ ስለነበር ወደ ጆሮዬ ተጠግተው፣ «ጣትሽ ረጅም ነው። ነገ ከፈረቃ በኋላ ነይ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ክራር እንኳ ነክቼ አላውቅም!»

«እኔም ሳልነካ ነው የጀመርሁት» ብለው ሄዱ።

በማግሥቱ ሄድሁ። ቤዟ ከአንድ ወንድም ሶሻሊስት አገር በስጦታ የመጣች ናት ተባልሁ። ቀለሟ የበሰለ ቲማቲም ነው። ሆዷ ከቀላል እንጨት የተሠራ፣ አንገቷ ረጅም፣ ራሷ ላይ ደግሞ አውታሮቹ የሚቃኙባቸው ብረቶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዳቸው የግቢ በር መዝጊያ ያህላሉ። ሠሪዎቹ ያን ዓመት ብረት ተርፏቸው ነበር መሰለኝ። መሪያችን ማንገቻዋን ትከሻዬ ላይ አድርገው አስተካከሉልኝና ፈቀቅ ብለው፣ «በይ አሁን ልቀቂያት፤ ትላመድሽ» አሉኝ። ለቀቅኋት። ራሷ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳያፍር፣ ወደ መሬት ወረደ፤ ብረቶቹ ጫማዬን እስኪነኩ ድረስ።

ከኋላዬ የድራም መቺው ድምፅ፣ «እናንተ፣ በቅሎዋ ርቧታል! ሣር ስጧት!» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ በቅሎዋ ሆነ።

ድራም መቺው ከጥገና ክፍል የመጣ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ የፊት ጥርሶቹ መካከል ክፍተት ያለው ልጅ ነበር። ሲስቅ ሳቁ በዚያ ክፍተት ያፏጭ ነበር።

ጊታር ይዞ የማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። የግራ እጅ ሥራ አውታሩን እዚህም እዚያም እየተጫነ ድምፁን መለወጥ ነው፤ እንደ ልቡ መሮጥ አለበት። የእኔ ግራ እጅ ግን ገና ከመጀመሪያው ምሰሶ ሆኖ ተቀጠረ። ልሩጥ ሲል በቅሎዋ አንገቷን ትደፋለች፤ ልደግፋት ሲል ዘፈኑ ጥሎት ይሄዳል። በቀኝ ክንዴ ሆዷን ተጭኜ ራሷን ቀና ላደርግ ስሞክር ደግሞ ክንዴ ደንዝዞ የሌላ ሰው ክንድ ይሆንብኛል። አንድ ቀን መሪያችን ኦርጋናቸውን አቁመው፣ «የኔ ልጅ፣ ቤዝ ነው የምትጫወቺው ወይስ ሰካራም ደግፈሽ ቤቱ እያደረስሽ ነው?» አሉኝ።

«ሁለቱንም ነው ጋሼ።»

የእጄ አንጓ አብጦ እናቴ ወንዛዬ ፍል ውኃ ካልወሰድሁሽ ብላ ነበር። ቢሆንም ለምደነው በዚሁ እንኖር ነበር፤ ካድሬው ልምምድ ሊያይ ባይመጣ ኖሮ።

የመጣው በነሐሴ ነው። ዝናቡ የልምምድ ክፍሉን ቆርቆሮ ይደበድባል። ካድሬው ካኪ ልብስ የለበሰ፣ የደረት ኪሱ በእስክሪብቶ የተሞላ፣ ጥርሱን አይተነው የማናውቅ ወጣት ነበር። ዘፈናችንን ቆሞ ካዳመጠ በኋላ፣ በመስከረም ለአብዮቱ በዓል ከክፍለ ሀገሩ ታላላቅ ጓዶች ሐይቁ ዳር እንደሚገኙ ነገረን። «መዝሙሩ እንዳለቀ መድረክ ላይ ያለ ሁሉ ግራ እጁን በአንድነት አንሥቶ መፈክር ያሰማል። እስቲ አሁን ልየው» አለ።

ያኔ መፈክር በግራ እጅ ነበር፤ ጡጫ ጨብጦ፣ ክንድን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ። ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። እኛ አንስቅም ነበር። በሠፈራችን ከዚህ ባነሰ ነገር ተጠርቶ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው እናውቅ ነበር።

መዝሙሩን ጨረስን። ካድሬው «ይቅደም!» አለ። ሁላችንም «ይቅደም!» ብለን ግራ እጃችንን አነሣን። በቅሎዋ ወደቀች። ድራሙ በግራዬ በኩል ነበርና የብረት ራሷ በቀጥታ የድራሙ ሳህን ላይ አረፈ። ጯ! ከዚያ አውታሮቿ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ እንደ ቆሰለ በሬ አጓሩ። ጸጥታ ሲመለስ ካድሬው ከኦርጋኑ ኋላ አጎንብሶ ተገኘ፤ ተኩስ መስሎት ነው። አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ሳል አስመሰለው።

ካድሬው ቀና ብሎ ካኪውን አራገፈ። «ድገሙት» አለ።

ደገምነው። በቅሎዋ ሁለተኛ ብትወድቅ ምን ሊከተል እንደሚችል አላውቅም። «ይቅደም!» ሲባል ግራ እጄ አንገቷን እንደ ጨበጠ ቀረና የቀኙን አነሣሁ።

ካድሬው ወደ እኔ ተጠጋ።

«ጓዲት» አለ ካድሬው፣ «ያነሣሽው የትኛውን እጅ ነው?»

«ቀኙን ነው ጓድ። ግራው ሥራ ላይ ስለሆነ።»

«ቀኝ መንገደኛ ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ሰምቼ ነበር። ያልሰማ አልነበረም፤ አብዮቱን የከዳ ማለት ነው። መሪያችን ከመቀመጫቸው ተነሥተው ችግሩ የመሣሪያዋ መሆኑን፣ ራሷ ከሆዷ እንደሚከብድ አስረዱት። «እንግዲያ ቁጭ ብላ ትጫወት» ብለውም ለመኑት። ካድሬው፣ «መዝሙር ሲዘመር ማነው የሚቀመጥ?» አለ። በሌላ ሰው እንተካትም አሉት፤ ግን ስሜን ይዞት ነበር። በመጨረሻ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እስከ በዓሉ ድረስ ካልታረመ እንነጋገራለን» ብሎን ወጣ። «እንነጋገራለን» ማለት በዚያ ዘመን መነጋገር ማለት አልነበረም።

ድራም መቺው ከበሩ አሻግሮ አየና፣ «አይዞሽ እቱ፣ በቅሎ እናርማለን» አለኝ። ሲናገር ግን አልሳቀም፤ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

መጀመሪያ የሞከርነው የእሱን ሐሳብ ነው። ራሷ ከከበደ ቂጧን እናክብደው አለ። ከሐይቁ ዳር ለስላሳ ድንጋይ መርጠን ካልሲ ውስጥ ከተትንና ከቤዟ ጭራ ላይ አንጠለጠልነው። እውነትም ራሷ ቀና አለ! ደስ ብሎን ዘፈን ጀመርን። ዘፈኑ ሞቅ ሲል እኔም እንቀሳቀሳለሁ፤ እኔ ስንቀሳቀስ ድንጋዩ ይወዛወዛል፤ ሲወዛወዝ የቤዟን ሆድ ይመታል። ቋ! ቋ! በአምፕሊፋየር የገነነ ቋ፣ ያውም ከምቱ ውጭ። መሪያችን ዙሪያቸውን አዩና፣ «አናጢ ማን አስገባብኝ?» አሉ። ድንጋዩ ሆዷ ላይ እንዲጣበቅ አጥብቀን አሰርነው። ያን ጊዜ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ትከሻዬ ላይ ሆነ፤ ማንገቻው ሥጋዬ ላይ ሰንበር አወጣብኝ። ቤት ስገባ እናቴ አየችብኝና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ማነው የመታሽ?»

«ድንጋይ ነው እማዬ።»

«ማን ወርውሮብሽ?»

ነገሩን ሁሉ ነገርኋት። ስለ ካድሬው ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፤ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ማንገቻዋን ከእጄ ተቀብላ በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው። ማንገቻው ናይለን ነበር፤ እንደ ዓሣ ያዳልጣል። «ይህማ በትከሻሽ ላይ እየተንሸራተተ እኮ ነው የሚጥላት» አለችኝ። አባቴ ከሥራ ሲመለስ የሚቀመጥበት አጎዛ ነበረው፤ ከማንም ጋር የማይጋራው፣ በዕድሜ ብዛት ጠጉሩ ቢጫ የሆነ። እናቴ አንድ ጊዜ ወደ አጎዛው፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየችና መቀሷን አነሣች።

አባቴ ማታ ገብቶ ሊቀመጥ ሲል ቆመ። «አጎዛዬን ማነው የነካው?»

«አብዮቱ ነው። ከፈለጉ ሄደው ይጠይቁት» አለችው እናቴ ቀና ሳትል።

አባቴ አልጠየቀም። በተረፈው ላይ ጠበብ ብሎ ተቀመጠ።

አጎዛው በማንገቻው ላይ ተሰፍቶ፣ ጠጉሩ ወደ ትከሻዬ ሲሆን፣ መንሸራተቱ ቆመ። በቅሎዋ እንደ ድሮው ጫማዬ ድረስ መውረዷን ተወች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ትቆማለች። ግማሽ ግን ለካድሬው አይበቃም። ደግሞ ክረምት ስለነበር አጎዛው ዝናብ ሲነካው የሞተ በግ ይሸት ጀመር። ቤዟን ተሸክሜ ወደ ልምምድ ስሄድ የሠፈሩ ውሾች ሁሉ ከኋላዬ ይሰለፋሉ። ድራም መቺው በር ላይ ቆሞ፣ «መጣች፣ ከነአጃቢዎቿ!» እያለ በሩን ይከፍትልኛል።

አሁን ዓባይ ማዶ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ይህን ሳወራ ባጃጁ ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋ ያልፋል። ለዚያ ዘመን ጸጥታ የሚሆን ቃል የለኝም። ጳጉሜን ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ሐይቁ ዳር ከሚሰማው የውኃ ድምፅ ሌላ ምንም አልነበረም። እንዲህ ባለው ቀን ነው ድራም መቺው በቅሎዋን ተሸክሞ፣ እኔን አስከትሎ ወደ ሐይቁ ዳር የወረደው። ከትልቁ ሾላ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ገመድ አሰረ፤ የገመዱን ሸምቀቆ በቤዟ ላይ አጥልቆ አንጠለጠላት። «የት ቦታ ላይ ብትያዝ ቀጥ እንደምትል እናያለን» አለኝ።

ሸምቀቆውን ማንገቻው ከሚያያዝበት ጉጥ አጠገብ አደረገው፤ ራሷ ወደ ሣሩ ወረደ። ትንሽ ወደ አንገቷ ገፋው፤ አሁንም ወረደ። በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ የዓሣ እስር በእጃቸው አንጠልጥለው ሲያልፉ ቆሙና በቅሎዋን አተኩረው ተመለከቷት።

«እናንተ ልጆች፣ ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ዓሣ ነው?»

«አባቴ፣ ዓሣ አይደለም፤ ሙዚቃ ነው» አላቸው ድራም መቺው።

«ሙዚቃ ይመዘናል እንዴ?»

«ይህችኛዋ ካልተመዘነች ታሳስራለች።»

ሽማግሌው ግራና ቀኝ አዩ። «እንግዲያውስ እኔም አላየኋችሁም» ብለው ቶሎ ቶሎ እየተራመዱ ሄዱ።

እኛ እየሣቅን ሸምቀቆውን እንደገና ገፋነው። ከጉጡ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ፊት ሲደርስ በቅሎዋ ተወዛወዘች፣ አመነታች፣ ከዚያ ቀጥ አለች። ራሷም ጭራዋም እኩል ሆኑ። ከሐይቁ ላይ የሚያብለጨልጨው ብርሃን በቀይ ሆዷ ላይ ይሯሯጣል። ሁለታችንም የምትበር ነገር ያየን ይመስል ቆመን አየናት።

«ቀንዷ አጥሮ ነው» አለኝ በመጨረሻ። የቤዝ ጊታር ሆድ ወደ ላይኛው በኩል እንደ ቀንድ የሾለ ነገር አለው፤ ማንገቻው ከእሱ ጫፍ ነው የሚያያዘው። የእኛዋ ቀንድ ከመዳፍ ያጠረ ጉብታ ነበር። «ከብረት ቀንድ እቀጥልላታለሁ፤ ማንገቻውን እዚያ ጫፉ ላይ እናስረዋለን።»

«በቅሎ ቀንድ ስታወጣ የት አይተህ?»

«የሶሻሊስት በቅሎ ታወጣለች።»

ለመሪያችን ስንነግራቸው ግን ደነገጡ። ቀንድ ለመቀጠል ጊታሯን መብሳት ያስፈልጋል፤ ጊታሯ የሕዝብ ንብረት፣ ያውም የወንድም አገር ስጦታ ናት። ያለ ፈቃድ ቢበሷት እኔ በቀኝ እጄ፣ እሳቸው በቀዳዳዋ ሊጠየቁ ነው። ስለዚህ ስለ አንዲት ቀዳዳ ስብሰባ ተጠራ።

ስብሰባውን ካድሬው መራው። መሪያችን አስረዱ። ድራም መቺው ብረቱን አሳየ። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ የሚወጣው የእንጨት ብናኝ ወደ ግምጃ ቤት ገቢ ይደረግ እንደሆን ጠየቀ። አንዲት ሴትዮ ከኋላ ተነሥተው፣ የወንድም አገር ሠራተኞች ያለ ቀዳዳ የላኩልንን እኛ ብንበሳው ቅር አይላቸውም ወይ አሉ። ይህ ጥያቄ ሰፊ ውይይት አስነሣ። በኋላ ካድሬው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጎ፣ ድራም መቺውን ትክ ብሎ አየው።

«የቀዳዳው አቅጣጫ ወዴት ነው? ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ?»

እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ።

«ወደ ፊት ነው ጓድ!» አለ ድራም መቺው ተነሥቶ። «ወደ ፊት ብቻ! ወደ ኋላ የለም!»

አንድ ሰው አጨበጨበ። ሌላው ተከተለው። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ቀዳዳው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ሲበሳት ጥገና ክፍል አብረን ነበርን። መሪያችን ልጁ ሲገረዝ ማየት እንዳልቻለ አባት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ «አለቀ? አለቀ?» ይሉ ነበር። የብረቱ ቀንድ በብሎን ታሰረ። ባዶውን ብረት ሲያዩት ያስጠላ ነበርና ድራም መቺው የማሽን ቀለም ፈልጎ ቀባው፤ የተገኘው አረንጓዴ ብቻ ነበር። ከዚያ አነገትኋት። ቀስ ብዬ ግራ እጄን አነሣሁ። ከዚያ ቀኙን። በቅሎዋ ንቅንቅ አላለችም። መሪያችን ከግድግዳው ዞረው አዩን፤ ከዚያ ሾል ያለ ከንፈራቸውን ገጥመው አንድ የጥሩምባ ዜማ በባዶ አፋቸው ነፉ።

ካድሬው ለመጨረሻ ጊዜ ሊመረምር ሲመጣ ቤዟን ከሩቅ አይቶ ቆመ። ዞራት። አረንጓዴ ቀንድ፣ ቢጫ አጎዛ፣ ቀይ ገላ። ድምፁ ለስልሶ፣ «ሰንደቅ ዓላማችንን... ይህ ሐሳብ የማን ነው?» አለ።

እርስ በርሳችን ተያየን። አስበንበት አናውቅም ነበር።

«የሁላችንም ነው ጓድ» አሉ መሪያችን።

በዓሉ ዕለት ፀሐዩ እንደ ታጠበ ሳህን ነበር። ሐይቁ ዳር መድረክ ተሠርቷል፤ ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘዋል፤ ታላላቆቹ ጓዶች ዳስ ጥላ ሥር ተደርድረዋል። እናቴ ከሕዝቡ መካከል ነጭ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ቆማለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ከመድረክ ላይ ይታየኛል፤ ትጸልያለች። ተጫወትን። ሕይወቴን በሙሉ እንደዚያን ቀን ተጫውቼ አላውቅም። ግራ እጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሥራው ተፈትቶ እንደ ልቡ ሮጠ።

መዝሙሩ አለቀ። «ይቅደም!» ተባለ። ግራ እጄን ጨብጬ ወደ ሰማይ አነሣሁ። በቅሎዋ ቀጥ ብላ ቆመች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፤ ወይም የተቃናው። ሰው ሁሉ መፈክሩን አሰምቶ እጁን አወረደ። እኔ ግን ዓይኔን ከበቅሎዋ ላይ መንቀል አልቻልሁም። እንዲህ ቀጥ ብላ ትቆማለች? ከደስታዬ ብዛት እጄ ወደ ላይ እንደ ተዘረጋ መቅረቱን ረሳሁት። ከፊት ያሉት ልጃገረዶች አዩኝ፤ መፈክሩ ያላለቀ መሰላቸውና እጃቸውን መልሰው አነሡ። ከኋላቸው ያሉትም አነሡ። ሕዝቡ በሙሉ አነሣ። ካድሬው ዞር ብሎ አየና ደንግጦ አነሣ። ዳሱ ውስጥ ያሉት ታላላቅ ጓዶች ከወንበራቸው ተነሥተው አነሡ። አሁን አስቡት፤ ማን ቀድሞ ያውርድ? በዚያ ዘመን እጁን ቀድሞ የሚያወርድ ማነው? መፈክር የለ፣ ዘፈን የለ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በሐይቁ ነፋስ ውስጥ ጡጫውን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ዝም። አንዱ ወፍራም ጓድ ክንዱ ሲንቀጠቀጥበት በቀኝ እጁ ክርኑን ደገፈው። አንድ ሕፃን ከእናቱ ጀርባ ላይ ማልቀስ ጀመረ።

ከኋላዬ የድራም መቺው ሹክሹክታ መጣ። «እቱ፣ በፈጠረሽ አውርጂው። አገሩ ሊያልቅ ነው።»

ባነንሁና አወረድሁ። ያን ጊዜ፣ ነፋስ የጤፍ ማሳ ላይ ሲያልፍ እንደሚሆነው፣ ያ ሁሉ እጅ ዝቅ አለ። ከሁሉም አፍ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወጣ። ጭብጨባው ሐይቁ ላይ ያሉትን ወፎች አስነሣቸው።

ካድሬው መድረክ ላይ ወጥቶ እጄን ጨበጠኝ። «እንዲህ ያለ ጽናት!» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ጥርሱንም ያን ቀን አየነው፤ ለካ ደኅና ጥርስ ነበረው። በዚያ ወር ምስጉን ሠራተኛ ተብዬ ተመረጥሁ። እናቴ ግን ቤት ስገባ፣ «እጅሽን እንዲያ ሰቅለሽ ስትቀሪ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች» ብላ ጀርባዬን በጥፊ መታችኝ፤ ከዚያ አቅፋ አልለቅ አለችኝ።

ወደ ቤት ከመግባቴ በፊት የሆነ ነገርም አለ። ዕቃ አስገብተን ስንመለስ ድራም መቺው አጠገቤ ይሄድ ነበር። ፀሐይ ወደ ሐይቁ እያዘነበለች ውኃው የመዳብ ቀለም ይዟል።

«አሁን ግራ እጅሽ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ምንም። ሥራ ፈቷል።»

«እንግዲያ ለእኔ አውሺኝ።»

አዋስሁት። እስከ ሠፈራችን መግቢያ ድረስ ይዞት ሄደ። አልሳቀም፣ አልቀለደም፤ ያን ቀን ግን ዝምታው አላስፈራኝም።

ብዙ አልቆየንም። በተከታዩ ዓመት ለውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ሄደ። መኪናው ላይ ሆኖ፣ «ወታደር ቤት ከበሮ አይጠፋም፤ አታስቢ» ብሎ ጮኸልኝ፤ የሌሎቹ እናቶች ለቅሶ ስለነበር ድምፁን ሳይሆን ከንፈሩን ነው ያነበብሁት። ለጥቂት ጊዜ ከተመላሽ ወታደሮች ወሬው ይደርሰኝ ነበር። ኋላ ወሬውም ቀረ። የት እንደ ወደቀ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። እኔም ጊዜው ሲደርስ ደኅና ሰው አገባሁ፣ ወለድሁ፣ እነሆ አረጀሁ። ኪነቱም ከመንግሥቱ ጋር ፈረሰ፤ በቅሎዋን ማን እንደ ወሰዳት አላውቅም።

በተለይ የማልረሳው ግን እሱ ከሄደ በኋላ ያደረግነውን የመጀመሪያውን ልምምድ ነው። አዲስ ድራም መቺ መጥቶ ነበር፤ ጨዋ ልጅ፣ እንደ ግድግዳ ሰዓት የማይሳሳት። መሪያችን ራሳቸውን ነቅንቀው ምልክት ሰጡን፤ ጀመርን። ገና ከመጀመሪያው ዘገየሁ። አቆምንና እንደገና ጀመርን፤ እንደገና ዘገየሁ። በቅሎዋ ቀጥ ብላ ደረቴ ላይ ናት፤ በእሷ የማመካኘው ነገር የለኝም። ጣቶቼም ደኅና ናቸው። ሦስተኛው ላይ ነው የገባኝ። የእኔው ድራም መቺ ዘወትር ከምቱ ትንሽ ይዘገይ ኖሯል። በዚያ በጭንቁ ጊዜ፣ አንገቷን በአንድ እጄ ደግፌ፣ እየተንገዳገድሁ እስክደርስ ድረስ ይጠብቀኝ ነበር። ቤዟ ከተስተካከለች በኋላም መጠበቁን አልተወውም። እኔም የዘፈኑ ልክ እሱ ይመስለኝ ነበር።

እጆቼን አወረድሁና ቆምሁ። አዲሱ ልጅ ግራ ገብቶት፣ «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የፈጠንሁት?» አለ።

መሪያችን በኦርጋናቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። ሌላ ቀን ቢሆን የሚሉት አያጡም ነበር። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ ምንም አላጠፋህም የኔ ልጅ። ትንሽ ቀስ አድርገው ብቻ። እኛ ቤት ይህ ዘፈን ቀስ ይላል» አሉት።